የአፈር ናይትሮጅን ልቀትና የኦዞን ቁጥጥር፦ የሰሜን ቻይና ሜዳ ተሞክሮ

ቻይና እ.ኤ.አ. በ2013 የአየር ብክለት መከላከያ የድርጊት መርሐ ግብር አውጥታ በኃይል ማመንጫዎች፣ በፋብሪካዎችና በተሽከርካሪዎች ልቀት ላይ ጥብቅ ቁጥጥር ጀመረች። በቤጂንግ የደቃቅ ብናኝ (ፒኤም 2.5) ዓመታዊ አማካይ መጠን በ2013 ከነበረበት 89.5 ማይክሮግራም በሜትር ኩብ፣ በ2017 ወደ 58 ዝቅ አለ። በዚያው ዘመን ግን በሰሜን ቻይና ሜዳ በሞቃቶቹ ወራት የሚለካው የኦዞን መጠን ጨመረ። ለጭማሪው በርካታ ምክንያቶች የሚጠቀሱ ሲሆን፣ ይህ ጽሑፍ ብዙ ትኩረት ያላገኘውን የእርሻ አፈርን ድርሻ ይመለከታል።

ሰብል ያልተጠቀመበት የማዳበሪያ ናይትሮጅን በአፈር ውስጥ ለረቂቅ ተሕዋስያን ምግብ ይሆናል። እነርሱም አሞኒየምን ወደ ናይትሬት፣ ናይትሬትንም ወደ ጋዝ ሲለውጡ ናይትሪክ ኦክሳይድ ወደ አየር ያመልጣል። ልቀቱ በሙቀት ይጨምራል፤ በደረቀ አፈር ላይ ዝናብ ሲወርድም በድንገት ያሻቅባል። በሜዳው ስንዴ በሰኔ ገደማ ታጭዶ በቆሎ ስለሚዘራ፣ ማዳበሪያ የሚጨመርበት ጊዜ ኦዞን ከሚበረታበት ወቅት ጋር ይገጥማል።

ኦዞን የሚፈጠረው ናይትሮጅን ኦክሳይዶችና ተናኝ ኦርጋኒክ ውህዶች በፀሐይ ብርሃን ሲገናኙ ነው። ግንኙነቱ ግን ቀጥተኛ አይደለም፤ ናይትሮጅን ኦክሳይዶች በበዙበት አየር ጥቂቱን መቀነስ ኦዞንን እምብዛም አይቀንስም፤ አንዳንዴም ይጨምረዋል። የአፈር ልቀት አየሩን በዚህ ሁኔታ ስለሚያቆየው፣ ከጭስ ማውጫ የተቀነሰው መጠን የሚጠበቅበትን ያህል ውጤት አይሰጥም። የነዳጅ ልቀት በቀነሰ ቁጥርም የአፈሩ ድርሻ ከፍ ይላል። ስለዚህ አፈርን ያላካተተ የልቀት ቆጠራ የቁጥጥሩን ፋይዳ አጋንኖ ያሳያል።

መፍትሔው ማዳበሪያን በሰብሉ ፍላጎት ልክ ከፋፍሎ መስጠትን፣ በአፈር ውስጥ መቅበርንና የናይትሬት መፈጠርን የሚያዘገዩ ውህዶችን መጠቀምን ይጨምራል። ቻይናም በ2015 የማዳበሪያ ፍጆታ ዕድገትን እስከ 2020 ለመግታት አቅዳ ነበር። ሆኖም አዘግዪ ውህዶች አሞኒየም በአፈር እንዲቆይ ስለሚያደርጉ የአሞኒያ ትነትን ሊያበረቱ ይችላሉ፤ አሞኒያ ደግሞ ከናይትሪክና ከሰልፈሪክ አሲድ ጋር ተዋሕዶ ደቃቅ ብናኝ ይፈጥራል። አንዱን ጋዝ ብቻ ለክቶ ዘዴውን ስኬታማ ማለት እንግዲህ ያሳስታል። በመስኩ የሚደረግ ጥናት ናይትሪክ ኦክሳይድን፣ አሞኒያንና የሰብል ምርትን በአንድነት ሊለካ ይገባል፤ ምርትን የሚጎዳ የአየር ጥራት መመሪያ በገበሬው ዘንድ ተቀባይነት አይኖረውምና።