ጠፍቶም የሚበራ የኤልኢዲ አምፖል

ጥያቄ፦ የኤልኢዲ አምፖል ከጠፋ በኋላም በደብዛዛው የሚበራው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ኤልኢዲ፣ ማለትም ብርሃን አመንጪ ዳዮድ፣ እጅግ አነስተኛ በሆነ የኤሌክትሪክ ፍሰት ስለሚሠራ፣ ባለ ክር አምፖልን የማያበራ ፍሰት እንኳ ያፈካዋል። ይህ ፍሰት የሚመጣው ማብሪያ ማጥፊያው የራሱ ጠቋሚ መብራት ሲኖረው፣ ጎን ለጎን ከተዘረጉ ሽቦዎች አንዱ በሌላው ላይ ኤሌክትሪክ ሲያሳድር፣ አልያም ማብሪያ ማጥፊያው ኃይል በሚያመጣው ሽቦ፣ በፌዝ፣ ፈንታ በመመለሻው ሽቦ፣ በኒውትራል፣ ላይ ሲገጠም ነው። የመጨረሻው አደገኛ ነው፤ መብራቱ ጠፍቶም የአምፖሉ መያዣ 220 ቮልት ተሸክሞ ስለሚቆይ፣ አምፖል የሚቀይርን ሰው ሊገድል ይችላል። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ባለሙያ አስቀድሞ በቴስተር መርምሮ ማብሪያ ማጥፊያውን ወደ ፌዙ ሊያዛውረው ይገባል፤ ገጠማው ትክክል ከሆነ ግን ጠቋሚ መብራት የሌለው ማብሪያ ማጥፊያ መተካት፣ ወይም ትርፉን ፍሰት የሚያሳልፍ ካፓሲተር ከአምፖሉ ጎን በትይዩ ማስገባት ችግሩን ያስወግዳል።