የድሮው ረመዳን ጣዕም የት ሄደ?

 

ባለፈው ረመዳን አንድ ምሽት እናቴ ቤት እያፈጠርን ነበር። ቴምሩ፣ ሾርባው፣ ሳምቡሳው፣ ጭማቂው ሁሉም ቀርቧል። እኔ ሁለተኛዋን ሳምቡሳ እያነሳሁ፣ «እማዬ፣ የድሮው ረመዳን እኮ ጣዕሙ ሌላ ነበር። ያኔ የምትጠብሻት ሳምቡሳ ዛሬ የለችም» አልኳት።

እናቴ ሳቀች። «የትኛዋ? የፈነዳችው?» አለችኝ።

ልጆች ሳለን እናቴ በረመዳን ከዐስር ሶላት በኋላ በራችን ላይ ሳምቡሳ እየጠበሰች ትሸጥ ነበር። እኛ ዙሪያዋን ተኮልኩለን ዘይቱ ውስጥ የምትፈነዳውን እንጠብቃለን። ምስሯ የወጣ፣ ጠርዟ ያረረ፣ ጣት የምታቃጥል። ለእኔ የረመዳን ጣዕም ማለት እሷ ነበረች።

«ልጄ፣ ደህና ደህናው ለገበያ ነበራ! እሱን ብሰጣችሁ የቤት ኪራዩ ከየት ይመጣል? አንዳንድ ቀን አንዱም ሳይፈነዳ ይቀርና እናንተ ዓይን ዓይኔን ታዩኛላችሁ። ያኔ እኔው ራሴ በጭልፋው ጫፍ ወጋ አደርጋት ነበር» አለችኝ። ትንሽ ቆይታም፣ «እኔስ የዘንድሮውን ነው የምወደው። ኪራይ የሚጠይቀኝ የለም፤ ልጆቼም ደህናውን ይበላሉ» ብላ ሳህኑን ወደ እኔ ገፋችው።

ያን ምሽት ለተራዊሕ ስወጣ ንግግሯ አብሮኝ ወጣ። እኔ የምናፍቀው ዘመን ለእሷ ጾም አፏን ይዛ እሳት ላይ የምትቀመጥበት፣ የወር መጨረሻ የሚያስጨንቃት ዘመን ነበር። ጣዕሙ ለእኔ ደርሶኛል፤ ክብደቱን ግን የተሸከመችው እሷ ናት።

ወንድሜ፣ እህቴ! ይህን የምነግራችሁ እናንተም ገና በሃያዎቹ ሳላችሁ «የድሮ ጊዜ» ማለት ስለጀመራችሁ ነው። የልጅነት ዒድ፣ የድሮ መንዙማ፣ የቁርኣን ቤት ጓደኞች፣ ሰፈሩ ሳይፈርስ በፊት የነበረው ጉርብትና። ትዝታ የምንወድ ሕዝብ ነን፤ የዜማ ቅኝት እንኳ በስሙ ሰይመንለታል። ታዲያ ዲናችን ናፍቆትን እንዴት ያየዋል?

መጀመሪያ፣ መናፈቅ ወንጀል አይደለም። ሰሓቦች ወደ መዲና በተሰደዱ ጊዜ አቡበክርና ቢላል (ረ.ዐ) በወባ ትኩሳት ታመሙ። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉት ቢላል ትኩሳቱ ሲለቀው ድምፁን ከፍ አድርጎ በግጥም መካን ይናፍቅ ነበር። የሸለቆዋን ሣር፣ የምንጯን ውሃ፣ የተራሮቿን እይታ እየጠራ አንዲት ሌሊት እንኳ እዚያ ባደርኩ ይላል። አስተውሉ፤ ይህ ቢላል ነው። በመካ በጋለ አሸዋ ላይ አስተኝተው ደረቱ ላይ ቋጥኝ የጫኑበት ቢላል! ልብ እንዲህ ነው፤ ጊዜ ሲያልፍ ቋጥኙን ትቶ ሣሩን ያስታውሳል።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ሲሰሙ ቢላልን አልገሠጹትም። ወደ አላህ ዞረው ዱዓ አደረጉ። መዲናን እንደ መካ ወይም ከዚያ በላይ እንዲያስወድዳቸው፣ አየሯን ጤናማ እንዲያደርግላቸው፣ በሷዕዋና በሙድዋ በረካ እንዲጥልላቸው ለመኑ። ሷዕና ሙድ የእህል መስፈሪያዎች ናቸው፤ እኛ ቁናና ጣሳ እንደምንለው። ሰሓባው ለትናንት ሲያለቅስ ነቢያችን ለዛሬው መሶብ በረካ ጠየቁ። ሐዲሡ በቡኻሪ ተዘግቧል።

ጂዳ፣ ሪያድ ወይም ዱባይ ሆናችሁ፣ በሰው ቤት ወጥ እየሠራችሁ የእናታችሁን ጓዳ የምትናፍቁ እህቶቼ፣ ይህ ዱዓ የእናንተም ነው። ናፍቆታችሁን አትፈሩት። ነገር ግን ናፍቆቱ ሲመጣ ዱዓውንም አስከትሉት፤ ያላችሁበትን ቦታና ቀን አላህ ያስወድዳችሁ፣ በእጃችሁ ባለው በረካ ያድርግላችሁ።

ሁለተኛ፣ ናፍቆት ልክ ሲያልፍ የዛሬን ኒዕማ ያስክዳል። ታላቁ ሰሓባ ሚቅዳድ ኢብኑል አስወድ (ረ.ዐ) ከሰዎች ጋር ተቀምጠው ሳለ አንድ ሰው በዚያ አለፈ። የአላህን መልእክተኛ ያዩት እነዚያ ዓይኖች የታደሉ ናቸው፤ ምነው እኛም ያያችሁትን ባየን አለ። ሚቅዳድ ተቆጡ። ታሪኩን የሚያስተላልፉልን ጁበይር ኢብን ኑፈይር፣ ሰውዬው የተናገረው መልካም ነገር ሆኖ ሳለ መቆጣታቸው ገርሟቸው ነበር።

ሚቅዳድ ግን ምክንያት ነበራቸው። ሰው አላህ ያላኖረውን ዘመን ለምን ይመኛል? እዚያ ቢኖር በየትኛው ወገን እንደሚቆም በምን ያውቃል? መልእክተኛውን በዓይናቸው እያዩ ያስተባበሉ፣ በዚያም ለጀሀነም የተዳረጉ ሰዎች ነበሩ። ያኔ አንድ ሰው አምኖ አባቱን፣ ወንድሙን ወይም ልጁን በክሕደት ላይ ያይ ነበር። እናንተ ግን ከእናታችሁ ማሕፀን ስትወጡ ጌታችሁን እያወቃችሁ ነው የወጣችሁት፤ ፈተናውን ሌሎች ተሸከሙላችሁ፤ ለዚህ አላህን አታመሰግኑምን? ሲሉ አስረዱ። ይህን ኢማም አሕመድ በሙስነዳቸው፣ ቡኻሪም በአል-አደቡል ሙፍረድ አስተላልፈውታል።

ወዳጆቼ፣ የነቢያችንን ዘመን መመኘት እንኳ እንዲህ ጥያቄ ከተነሳበት፣ የእኛ «ድሮ ቀረ» ምን ሊባል ነው?

የአገራችንን ሙስሊሞች ታሪክ ተመልከቱ። ስለ አያቶቻችን ዘመን ኢማንና መከባበር ስንሰማ ልባችን ይሞቃል፤ እውነትም ብዙ ኸይር ነበረው። በዚያው ዘመን ግን ዒድ የሕዝብ በዓል አልነበረም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሙስሊሞች እኩልነትን እየጠየቁ በብዛት አደባባይ ወጡ፤ ከጎናቸው የቆሙ ክርስቲያን ወገኖችም ነበሩ። ከዚያ በኋላ በመጣው የደርግ መንግሥት ዒድ አል-ፈጥር፣ ዐረፋና መውሊድ የሕዝብ በዓላት ሆኑ። ዛሬ ዒድ ጧት አዲስ ልብስ ለብሳችሁ ወደ ስታዲየም ስትሄዱ፣ ያን መንገድ በእግራቸው የጠረጉላችሁ ሰዎች እንደነበሩ አስቡ። እዚህም አንድ ሰው ተሸክሞላችኋል።

ዛሬ ፈተና የለም እያልኩ አይደለም። ኑሮው ከብዷል፤ ተመርቆ ሥራ ማጣት አለ፤ ቤተሰብ በስደት ተበትኗል። ጥያቄዬ ሌላ ነው፤ ያ የምንናፍቀው ጣዕም ከየት ነበር የሚመጣው? ከዘመኑ ነው? የእናቴን ጭልፋ ካየሁ በኋላ መልሱ ቀለለኝ። ጣዕሙ ይመጣ የነበረው ራሱን ለእኛ ከሚያደክም ሰው ነው። ሌሊት ለሱሑር የሚቀሰቅሰን፣ ለዒድ ጫማ የሚበደርልን፣ ቁርኣን ስናኸትም ጎረቤት የሚጠራልን ሰው ነበረ። ረመዳን ዛሬም ያው ረመዳን ነው። እኛ አድገናል፤ ተረኛው ማን እንደሆነ ግን አላወቅንም። ማደግ ማለት፣ ወንድሜ፣ እህቴ፣ ጭልፋው ወደ እጃችሁ መጣ ማለት ነው።

ስለዚህ ዕድሜ ሲጨምር አትደንግጡ። «25 ሞላኝ፣ 30 ደረሰብኝ» ብላችሁ የምታዝኑ አላችሁ። እኔም ሠላሳዎቹን አጋምሼ ጢሜ ላይ ነጭ መቁጠር ጀምሬያለሁ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከሰው ሁሉ በላጩ ማን እንደሆነ ሲጠየቁ፣ ዕድሜው የረዘመና ሥራው ያማረ መሆኑን ተናግረዋል፤ ቲርሚዚ ዘግበውታል። አምስት ነገሮችንም ከአምስት ነገሮች በፊት እንድንጠቀምባቸው መክረዋል፤ ወጣትነትን፣ ጤናን፣ ሀብትን፣ ትርፍ ጊዜንና ሕይወትን። አምስቱም አሁን እጃችን ላይ ያሉ ናቸው። ስላለፈው እንድንቆጭ የሚያዝ አንድም የለበትም።

ያለፈውን እንዴት ማክበር እንዳለብንም ከእሳቸው እንማራለን። እናታችን ኸዲጃ (ረ.ዐ) ካረፉ ከዓመታት በኋላ ነቢያችን በግ ሲያርዱ ሥጋውን ከፍለው ለኸዲጃ ወዳጆች ይልኩ ነበር። ናፍቆታቸው ለሰው ደጅ የሚደርስ ሥጦታ ይሆን ነበር።

አንድ ነገር ልንገራችሁና ላብቃ። ከዚያ ምሽት በኋላ አንድ ቀን እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ ስለ ጉልበቷ ሕመም ታወራኛለች። አሁን ሱጁድ ስለማያስወርዳት በወንበር ነው የምትሰግደው። አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ትጠይቃለች። እኔ አንገቴን ደፍቼ ስልኬ ላይ አንድ ሰው የለጠፈውን የድሮ ረመዳን ፎቶ እያየሁ ነበር። «ትሰማኛለህ?» ስትለኝ ቀና አልኩ። ያኔ ገባኝ። ከዓመታት በኋላ በእንባ የምናፍቀው ይህንኑ ነው፤ ይህን ወንበር፣ ይህን ጥያቄ፣ ይህን ድምፅ። ናፍቆቴ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ያናግረኛል፤ እኔ ግን በስልክ እየፈለግሁት ነው!

እንግዲህ በዚህ ጁሙዐ ሦስት ነገሮችን እንሥራ። አንደኛ፣ ከትናንታችሁ አንድ ባለውለታ ፈልጉና ደውሉ፤ ሐርፍ ያስቆጠሯችሁ ኡስታዝ፣ ያበሏችሁ ጎረቤት ሊሆኑ ይችላሉ። ሞተው ከሆነ ዱዓ አድርጉላቸው። ሁለተኛ፣ ዛሬ ካላችሁ ኒዕማ አንዱን ስሙን ጠርታችሁ «አልሐምዱሊላህ» በሉበት። ሦስተኛ፣ በቤታችሁ ወይም በሰፈራችሁ አንድ ሕፃን ምረጡና ከመስጂድ ስትመለሱ የሆነ ነገር ያዙለት፤ ነገ የሚናፍቀውን ጁሙዐ ዛሬ እናንተ ሥሩለት።

አላህ ሆይ! ያለፈውን ዕድሜያችንን ማርልን፣ በቀረው በረካ አድርግልን። የተሸከሙንን ወላጆቻችንን እዘንላቸው፤ ያሉትን ጤና ስጥልን፣ የሄዱትን ቀብራቸውን አብራላቸው። ዛሬያችንን ሳያመልጠን የምናመሰግን አድርገን። አሚን።

ጁሙዐ ሙባረክ!