ሳተላይቱ የአባቴን እርሻ ያየዋልን?
የዲጂታል ምስልን እንደ መለኪያ መሣሪያ ስለ ማንበብ

ከፊዚክስ ትምህርት ቁም ነገሮች አንዱ፣ ስሕተቱ ያልተገለጸ ልኬት እንደ ልኬት የማይቆጠር መሆኑ ነው። አንድ ተማሪ የገመዱ ርዝመት 2 ሜትር ነው ብሎ ቢጽፍ፣ በምን እንደ ለካውና እስከ ምን ድረስ ሊሳሳት እንደሚችል ካልነገረን ውጤቱን አንቀበለውም። እኛም ለብዙ ዓመታት በኢንተርኔት የሚገኙ መሣሪያዎችን በጥርጣሬ ስንመለከት የኖርነው በዚሁ ምክንያት ነበር። ለዶክትሬት ትምህርት በውጭ አገር በቆየንባቸው ዓመታት የቤተ ሙከራ ውጤታችንን በደብተር እንመዘግብ ነበር፤ ወደ አገራችን ተመልሰን ማስተማር ከጀመርን በኋላም ከጠመኔና ከወረቀት ካርታ አልራቅንም። በኮምፒውተር የሚታየው ውብ ሥዕል መቼና በምን እንደ ተነሣ አይናገርም እያልን እናጣጥለው ነበር።

ይህን አቋማችንን የፈተነው የአንድ ተማሪ ጥያቄ ነው። በጂንካ ስለ ሳተላይቶች እንቅስቃሴ ስናስተምር፣ ከዱስ የመጣ ተማሪ እጁን አውጥቶ፣ «መምህር፣ ሳተላይቱ የአባቴን እርሻ ያየዋል?» ሲል ጠየቀን። የሳተላይቱን ፍጥነት በሰሌዳው ላይ አስልተን ነበር፤ የእርሱን ጥያቄ ግን መመለስ አልቻልንም።

የጥያቄው ክብደት

ዱስ በደቡብ ኦሞ ዞን፣ በኦሞ ወንዝ ምሥራቃዊ ዳርቻ የሚገኝ የካራ ብሔረሰብ መንደር ነው። ካራዎች ከብትና ፍየል ከማርባት ጋር፣ የወንዙን ሙላት ተከትለው ሲያርሱ ኖረዋል። በደጋው የክረምት ዝናብ ሲጠነክር ኦሞ ሞልቶ ዳርቻውን ያለብስ ነበር፤ ውኃው ሲሸሽ በተረፈው እርጥብ ደለል ላይ ማሽላ ይዘራ ነበር። ስለዚህ ውኃው የደረሰበት ወሰን የዓመቱ የእህል ወሰን ነበር ማለት ይቻላል።

ከዱስ በላይ፣ በዚሁ ወንዝ ላይ የተሠራው የግልገል ጊቤ 3 ግድብ ታኅሣሥ 8 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመርቋል። ግድቡ 1,870 ሜጋ ዋት ኃይል ለማመንጨት የታቀደ ሲሆን፣ ውኃ መያዝ ከጀመረ ወዲህ የወንዙ የክረምትና የበጋ ልዩነት ቀንሷል። የሙላት መቀነስ ሁለት ገጽታ አለው። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. በታችኛው ኦሞ የደረሰው ጎርፍ በዳሰነች ከ300 የሚበልጡ ሰዎችን ሕይወት አጥፍቷል፤ በሌላ በኩል ግን ያለ ሙላት የሚታረስ ደለል የለም። በዚህ ላይ የሚደረግ ክርክር በግምት ሳይሆን በልኬት መመሥረት አለበት። የተማሪው ጥያቄ ቀላል ያልሆነው ለዚህ ነው።

የመጀመሪያው ሙከራችን

በቀጣዩ ሳምንት፣ ሳንወድ በግድ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ለሕዝብ የቀረበውን ጉግል ኧርዝ ከፍተን ዱስን ፈለግን። የወንዙ ጥምዝ ጎልቶ ታየን፤ ዳርቻው ግን ግራጫና ባዶ ነበር። እኛም ተማሪውን ጠርተን፣ «ተመልከት፤ በዚህ ዳርቻ የሚታረስ ነገር የለም» አልነው። እርሱም በትሕትና፣ «መምህር፣ ሥዕሉ የተነሣው በየትኛው ወር ነው? ማሽላው ከታጨደ በኋላ ከሆነስ?» አለን።

ቀኑ በሥዕሉ ግርጌ በትናንሽ ፊደላት ተጽፎ ነበር፤ እኛ አላነበብነውም። ወሩ መጋቢት ነበር፤ ያ ማሽላ ከተሰበሰበ ቆይቷል። መሣሪያው ቀኑን አይናገርም እያልን ስንወቅሰው የኖርነው ለካ ሳንጠይቀው ኖሯል። ከጥርጣሬያችን ከፊሉ የሳይንስ ጥንቃቄ፣ ከፊሉ ግን ስንፍና እንደ ነበረ የተረዳነው ያን ጊዜ ነው።

ምስሉ እንዴት ይነበባል?

ለመለኪያነት የሚሻሉት፣ እያንዳንዱ ምስል ከቀኑ፣ ከሰዓቱና ከደመናው መጠን ጋር የተመዘገበባቸው ክምችቶች ናቸው። የላንድሳት ሳተላይቶች እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ ምድርን ሲያነሡ ቆይተዋል፤ ክምችቱም እ.ኤ.አ. በ2008 ለማንኛውም ሰው በነፃ ተከፍቷል። የአውሮፓውያኑ ሴንቲኔል 2 ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ ጀምሯል። ማንኛውም ተማሪ ያለ ክፍያ ሊጠቀምባቸው ይችላል።

ቀጥሎ የሚጠየቀው ውኃ ከየብስ የሚለየው እንዴት ነው የሚለው ነው። ዓይናችን የማያየው ቅርብ ኢንፍራሬድ ብርሃን እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ንጹሕ ውኃ ይህን ብርሃን ስለሚመጠው ጠቁሮ ይታያል፤ ለምለም ቅጠል ግን አብዝቶ ስለሚያንጸባርቀው ደምቆ ይታያል። የአረንጓዴውን ብርሃን ነጸብራቅ አ፣ የቅርብ ኢንፍራሬዱን ኢ ብለን ብንሰይም፣ የውኃ መለያው ቀመር የሚከተለው ነው፦

(አ − ኢ) ÷ (አ + ኢ)

ለምሳሌ አ = 0.08፣ ኢ = 0.02 ቢሆን ውጤቱ 0.6 ይሆናል፤ ይህ ውኃ ነው። አ = 0.08፣ ኢ = 0.40 ቢሆን ደግሞ ውጤቱ −0.67 ገደማ ይሆናል፤ ይህ ለምለም አዝመራ ነው።

ሆኖም ኦሞ ንጹሕ ውኃ አይደለም፤ ደለል የተሸከመ ቡናማ ወንዝ ነው። ደለሉ ኢንፍራሬዱን መልሶ ስለሚያንጸባርቅ ውኃውን ባዶ መሬት ሊያስመስለው ይችላል። በዚህ ጊዜ ከቅርብ ኢንፍራሬዱ ይልቅ የሞገድ ርዝመቱ 1,610 ናኖሜትር ገደማ የሆነውን ብርሃን መጠቀም ይሻላል፤ ደፍራሽ ውኃም ቢሆን ይህን አጥብቆ ይመጠዋልና። ነገር ግን ይህም ዋጋ ያስከፍላል። ሴንቲኔል 2 አረንጓዴውንና ቅርብ ኢንፍራሬዱን በ10 ሜትር የምስል ነጥብ ሲያነሣ፣ ይህንኛውን የሚያነሣው በ20 ሜትር ነው። ደለሉን የሚያሸንፈው ብርሃን ትናንሽ ነገሮችን ለመለየት ይቸገራል።

የአባትየው እርሻ

ተማሪው ለዕረፍት ወደ ዱስ ሲሄድ ገመድ ሰጥተን ላክነው። ይዞልን የተመለሰው ልኬት 12 ሜትር በ75 ሜትር ነበር፤ ስፋቱ 900 ካሬ ሜትር መሆኑ ነው። ይህ የላንድሳት አንድ ነጥብ፣ ማለትም 30 በ30 ሜትር፣ ከሚሸፍነው መሬት ጋር እኩል ነው። ታዲያ ይታያልን? አይታይም። እርሻው ቀጭን መቀነት በመሆኑ፣ አንድም ነጥብ ሙሉ በሙሉ በውስጡ ሊያርፍ አይችልም፤ እያንዳንዱ ነጥብ ማሽላውን ከዛፉ ወይም ከወንዙ ጋር ቀላቅሎ ይመዘግበዋል። በ10 ሜትር ነጥብ እንኳ ዕድሉ ጠባብ ነው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጠቀው የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ሳተላይት የመለየት ዐቅምም 13.75 ሜትር ስለ ነበር፣ ለዚህ እርሻ አይበቃም ነበር። በጥቅሉ፣ አንድ ሙሉ ነጥብ በእርግጠኝነት ለማግኘት የነገሩ ወርድ ቢያንስ የነጥቡን ወርድ እጥፍ ሊሆን ይገባል።

ተማሪው ሌላም ነገር ነገረን። እኛ በምስሉ ላይ የወንዝ ዳር ዛፍ ጥላ ነው ያልነው ቦታ እርሻ ኖሯል። አባቱም ቀድሞ ውኃው የደረሰበትን ከዛፎቹ ጋር እያስተያየ፣ እርምጃ እየቆጠረ አሳይቶታል። ይህን የመሰለ ጥራት ከ700 ኪሎ ሜትር ከፍታ አይገኝም። በአንጻሩ አባትየው የወንዙን ዳርቻ ሁሉ በአንድ ቀን ሊያዩት አይችሉም፤ የሳተላይቱ ክምችት ግን ከ50 ዓመት በላይ የሆነውን የወንዙን ታሪክ ይዟል። አንዱ ሌላውን ያርማል እንጂ አይተካውም።

በዚህ የተነሣ አንድ ሰው በምስል ላይ ማሽላ ስላላየ ብቻ «በዚህ ዳርቻ የሚያርስ የለም» ቢል፣ ልክ እንደ እኛ ይሳሳታል፤ የእርሱ ስሕተት ግን በክፍል ውስጥ ላይቀር ይችላል። ስለዚህ በማንኛውም ዲጂታል መሣሪያ ፊት ስንቀመጥ አራት ነገሮችን እንጠይቅ፦ መቼ ተለካ? በምን ተለካ? ሊለየው የሚችለው ትንሹ ነገር ምን ያህል ነው? በቦታው ተገኝቶ ያረጋገጠውስ ማን ነው? እነዚህን ሳይጠይቁ ማመንም ሆነ እኛ እንዳደረግነው ሳይጠይቁ መናቅ የሳይንስ መንገድ አይደለም።

መልመጃ

1. ሴንቲኔል 2 ከምድር ገጽ 786 ኪሎ ሜትር ከፍ ብሎ ይዞራል። የምድርን ራዲየስ 6,371 ኪሎ ሜትር በማድረግ፣ አንድ ዙር የሚፈጅበት ጊዜ ወደ 100 ደቂቃ የሚጠጋ መሆኑን አሳዩ።

2. ወርዱ 35 ሜትር የሆነ እርሻ በ10፣ በ20 እና በ30 ሜትር ነጥብ ሲነሣ፣ በእርግጠኝነት ሙሉ ነጥብ የሚገኘው በየትኞቹ ነው?

3. በአካባቢያችሁ የሚገኝ ወንዝ በመስከረምና በመጋቢት የተነሡትን ምስሎች አወዳድሩ። ከዚያም ወርዱን በአንድ ቦታ በገመድ ለክታችሁ፣ ከምስሉ ያገኛችሁት ልኬት ምን ያህል እንደ ተሳሳተ ጻፉ።