ጠዋት አልነሳ የሚል ፒካፕ፦ ፖምፓው ከመፈታቱ በፊት



«ምህንድስና ትማር የለ? መኪናው ጠዋት አልነሳ ይላል፤ ሲነሳም ይንቀጠቀጣል» የሚል ስልክ ከቤት ለብዙዎቻችን ይደወላል። መኪናው ብዙ ጊዜ ቤተሰብ የሚተዳደርበት፣ 2ኤል ወይም 3ኤል የናፍጣ ሞተር ያለው አሮጌ ቶዮታ ሃይሉክስ ነው። «ፖምፓው ይፈታ» የሚለው መልስ ቶሎ ይመጣል። ነገር ግን ውዱ ሥራ እሱ ነው፤ ስለዚህ መጨረሻ ላይ ሊመጣ ይገባዋል።

መሠረቱ
የናፍጣ ሞተር የእሳት ብልጭታ አይጠቀምም። አየሩ 22 እጥፍ ገደማ ሲታመቅ ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይግልና የተረጨው ናፍጣ ራሱ ይቀጣጠላል። ስለዚህ ለመነሳት ፈጣን ዙር፣ ሙቀትና አየር ያልገባበት ናፍጣ ያስፈልጋሉ። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል በሩብ ገደማ ያንሳል። ድሬዳዋ ላይ በቀላሉ የሚነሳ የደከመ ሞተር እዚህ በብርድ ጠዋት ቢያስቸግር አይገርምም።

አልነሳ ሲል
1. ዙሩን አዳምጡ። ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። ሞተሪኖው ሲያዞር ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪውንና የገመዶቹን ማሰሪያ ፈትሹ።
2. ጭሱን እዩ። ሞተሪኖው እያዞረ ምንም ጭስ ካልወጣ ናፍጣ አልደረሰም። ነጭ ጭስ ከወጣ ናፍጣው ደርሷል፤ አልተቀጣጠለም።
3. ነጭ ጭስ ካያችሁ ማሞቂያ ካንዴላዎቹን ለኩ። የጋራ ማገናኛቸውን ፍቱና እያንዳንዱን በኦም መለኪያ ሞክሩ። ጤነኛው ከ2 ኦም በታች ነው፤ መስመሩ የተቋረጠው ሞቷል።
4. ጭስ ከሌለ አየር ጠርጥሩ። ፊልትሮው ላይ ያለውን የእጅ ፖምፓ እስኪጠነክር ተጫኑ። ከዚያ ወዲያው ከተነሳ ሌሊት አየር ገብቷል ማለት ነው። የደረቀ ቱቦ ወይም የላላ ማሰሪያ ፈልጉ። ወደ ፖምፓው በሚገባው መስመር ላይ ግልጽ ቱቦ ብታስገቡ አረፋው ይታያችኋል።

ሲንቀጠቀጥ
ሲሞቅ የሚተወው ከሆነ ወደ ካንዴላዎቹ ተመለሱ። ዙሩ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ አየሩን እንደገና ፈትሹ። ሞቆም አንዱ ሲሊንደር የማይሠራ ከመሰለ፣ ነዳጅ ሳይረገጥ የኢንጀክተሮቹን ቱቦ ብሎን ተራ በተራ በጥቂቱ አላልታችሁ አጥብቁ። ድምፁ ያልተለወጠበት ሲሊንደር ሰነፉ ነው። መነጽርና ጓንት አድርጉ፤ እጃችሁን ከሚረጨው አርቁ፤ ግፊቱ ቆዳ ይበሳል።

ቀጥሎ የሰነፉን ኢንጀክተር በአዲስ ማሸጊያ ዋሸር ከጎረቤቱ ጋር አቀያይሩ። ችግሩ አብሮት ከሄደ ኢንጀክተሩ ነው፤ እዚያው ከቀረ ቫልቩንና የፒስተን ቀለበቶቹን ለማወቅ ኮምፕሬሽን ይለካ።

ይህ ሁሉ ጤነኛ ከሆነ አሁን ስለ ፖምፓው መናገር ይቻላል። የሰው ገንዘብ አማና ነው፤ ያልተለካ አይፈታ።

ጥያቄ ለውይይት
አንድ ፒካፕ አፍንጫው ወደ ቁልቁለት ዞሮ ሲያድር ጠዋት በቁልፍ ወዲያው ይነሳል፤ ወደ ዳገት ዞሮ ሲያድር ግን እምቢ ይላል። ታንከሩ ከኋላ መሆኑን አስታውሱና የቱን እንደምትጠረጥሩ ከነምክንያቱ ተወያዩ።