ሕፃን ስናስተኛ፦ ሰበብ ማድረስና ተወኩል



በቤታችን አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ። ብዙዎቻችሁም እንደዚያው ናችሁ፤ የሐኪም ቀጠሮ ወይም የመብራት ቢል ሲመጣ የምንጠራው እኛ ነን። የወንድሜ ባለቤት ከደሴ መጥታ ብዙም ሳትቆይ ወለደች፤ አያቴም ሊያርሷት ከወሎ መጡ። የእናቶችና ሕፃናት ነርስ ኬንሲንግተን ወዳለው ፎቃችን ስትመጣ ወንድሜ ሥራ ላይ ስለነበር ያስተረጎምኩት እኔ ነበርኩ።

ሕፃኑ በጎኑ ተኝቷል። ትን እንዳይለው ከጀርባው ትራስ ተደግፏል፤ ብርድና ዓይን እንዳያገኘው ፊቱ ላይ ነጠላ ጣል ተደርጓል። ነርሷ በእርጋታ ብዙ ተናገረች። እኔ ግን ያንን ሁሉ «እማማ፣ በጀርባው ይተኛ፣ ትራሱ ይውጣ፣ ፊቱ አይሸፈን ትላለች» ብዬ ጨረስኩት። አያቴ «እኔ ሰባት አሳድጌያለሁ» አሉ። ነርሷ እንደወጣች ትራሱ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ትእዛዙን አስተርጉሜ ምክንያቱን አስቀረሁት። የአያቴ ፍርሃት ትን ማለቱ ነበር፤ ለእሱ መልስ አልሰጠኋቸውም።

መልሱ ይኸው ነው። ሕፃን በጀርባው ሲተኛ የአየር ቧንቧው ከላይ፣ የምግብ ቧንቧው ከታች ይሆናል። ያስመለሰው ወተት ወደ አየር ቧንቧ ለመግባት ሽቅብ መውጣት ስላለበት አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ ይዋጣል። በሆዱ ሲተኛ ግን የአየር ቧንቧው ከታች ነው። በጎኑ የተኛ ደግሞ በቀላሉ ወደ ሆዱ ይገለበጣል። ፊቱ ሲሸፈን የተነፈሰውን አየር መልሶ ይስባል፤ ከመጠን በላይም ይሞቃል፤ ምክንያቱም ሕፃን ሙቀቱን በብዛት የሚያስወጣው በጭንቅላቱና በፊቱ በኩል ነው። የሜልበርን ሐምሌ ቢቀዘቅዝም ቤት ውስጥ ሲተኛ ኮፍያ አያስፈልገውም።

ይህን በስልኬ ላይ ሥዕል ፈልጌ ለአያቴ አሳየኋቸው። «እንዲህ ብለሽ መጀመሪያ ብትነግሪኝስ!» አሉኝ።

ምክሩ «የፈረንጅ ልማድ» ነው የሚሉ አሉ። እንዲያውም ፈረንጆቹ ራሳቸው ልጆቻቸውን በሆድ ያስተኙ ነበር፤ ሐኪሞችም ይመክሩት ነበር። አደላይድ ውስጥ ዶክተር ሱዛን ቢል በድንገት የሞቱ ሕፃናትን ቤት እየሄዱ ወላጆችን በመጠየቅ በሆድ መተኛት አደገኛ መሆኑን ካስተዋሉት መካከል ነበሩ። በ1991 አውስትራሊያ አገር አቀፍ ዘመቻ ጀመረች፤ ከዚያ ወዲህ በእንቅልፍ ላይ የሚከሰተው የሕፃናት ድንገተኛ ሞት ከ80 በመቶ በላይ ቀንሷል። የተሳሳተ ሰው ስህተቱን ሲያርም ትምህርቱን መውሰድ ነውር የለውም።

«አላህ ነው የሚጠብቀው» የሚለው እውነት ነው። ግመሌን አስሬ ልመካ ወይስ ለቅቄ ብሎ የጠየቀውን ሰው ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስቀድሞ እንዲያስር እንዳዘዙት ቲርሚዚ ዘግበዋል። ሕፃን አማና ነው፤ ሰበቡን ማድረስ የእኛ ድርሻ ነው።

ለዓይን የሚፈሩ እናቶችም አይናቁ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለሐሰንና ለሑሰይን ከክፉ ዓይን ጥበቃ ይለምኑ እንደነበር ቡኻሪ ዘግበዋል። ዱዓውን አድርጉላቸው። ሲተኛ ግን አንገቱ ላይ ምንም ክር አይታሰር፤ ክሩ ሊያንቀው ይችላል።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ረመዳን ነው። ከተራዊሕ ተመልሳ፣ ለሱሑር ተነስታ የደከመች እናት ሶፋ ላይ ስታጠባ እንቅልፍ ይጥላታል። ሶፋ ከአልጋ እጅግ የከፋ አደጋ አለው፤ ሕፃኑ በእሷና በመደገፊያው መካከል ሊታፈን ይችላል። እንግዳ ሲበዛ ሕፃኑን መጅሊስ ላይ በትራሶች መሐል ማስተኛትም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ሌሊቱን ተከፋፈሉ፤ ታላቅ እህት ወይም ወንድም ሆናችሁ «አንቺ ተኚ፣ እኔ ወደ አልጋው እመልሰዋለሁ» ማለት ትችላላችሁ። የሚመከረው ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ 6 ወራት በእናቱ ክፍል፣ በራሱ የሕፃን አልጋ፣ ጠንከር ባለና ጠፍጣፋ ፍራሽ ላይ፣ ያለ ትራስና ያለ አሻንጉሊት ነው። ጡት ማጥባትም ይጠብቀዋል። ቤት ውስጥ ሲጋራም ሆነ ሺሻ አይጨስ፤ በረንዳ ላይ ወጥተው አጭሰው የሚመለሱ አጎቶቻችንም ይህን ይስሙ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም የሚሞት ሕፃን አለ። ለተዝያ ስንሄድ «እንዴት አስተኝታው ነበር?» ብለን አንጠይቅ።

በቪክቶሪያ የእናቶችና ሕፃናት ጤና መስመር 13 22 29 ሲሆን ቀንም ሌሊትም ይሠራል። አማርኛ አስተርጓሚ ከተፈለገ መጀመሪያ 131 450 ደውላችሁ እንዲያገናኟችሁ ጠይቁ። ለአያቴ ሁለቱንም ቁጥሮች በትልቅ ጽሑፍ ጽፌ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፌላቸዋለሁ።