የታመመው ዓሣው ነው ወይስ ውሃው?

«ዓሣ ግማቱ ከአናቱ» ይላል የአገራችን ሰው። በመስተዋት ገንዳ፣ ማለት በአኳሪየም ውስጥ፣ ግን ግማቱ የሚጀምረው ከውሃው ነው። ይህን ጽሑፍ እንድናቀርብ ያነሣሣን የገዛ ስሕተታችን ስለ ሆነ ከእርሱ እንጀምር።

ባለፈው የዕረፍት ጊዜ ከደሴ በስተ ሰሜን ካለው ከሐይቅ ስድስት ትንንሽ ቆሮሶዎች በጀሪካን ይዘን ወረኢሉ ገባን። ቆሮሶ በሐይቅ የገባው በ1970 ዓ.ም. ገደማ ነውና እንግዳ ዓሣ መልመድ እንደሚችል ተማምነን ነበር። በአሥረኛው ቀን ዓሦቹ ወደ ውሃው ገጽ ወጥተው አፋቸውን ይከፍቱ ጀመር። ታመሙ ብለን ጠጠሩንና ማጣሪያውን በቧንቧ ውሃ ፈትገን አጠብን፤ ውሃውንም በሙሉ ለወጥን። በማግሥቱ አምስቱ ሞተው ተገኙ። የበደልነው በሦስት ነገር ነው።

አንደኛው አሞኒያ ነው። ዓሣ በስንጥቡ በኩል አሞኒያ ያስወጣል፤ የተረፈ ምግብም ሲበሰብስ ይጨምርበታል። ይህን መርዝ በጠጠሩና በማጣሪያው ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትራይት እርሱም መርዝ ነው፤ ናይትሬት ግን ካልበዛ አይጎዳም። ባክቴሪያዎቹ በአዲስ ገንዳ ተራብተው ለሥራ እስኪበቁ ከ4 እስከ 6 ሳምንት፣ ውሃው ከቀዘቀዘም ከዚያ በላይ ይፈጃል። እኛ በቅለው የነበሩትን ጥቂቶች ክሎሪን ባለበት ውሃ አጠፋናቸው፤ ክሎሪኑም የዓሦቹን ስንጥብ ጎዳ።

ሁለተኛው የአየር ማነስ ነው። ወረኢሉ ከባሕር ወለል ከ2,600 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ደጋ ናት። በ25 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሊትር ውሃ በባሕር ዳርቻ ከ8 ሚሊግራም በላይ ኦክሲጅን ሲይዝ፣ በወረኢሉ የሚይዘው 6 ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ለቆላ አገር የተጻፈ መመሪያ ዐሥር ዓሣ በሚፈቅድበት ገንዳ እኛ ከሰባት ማለፍ አይገባንም።

ሦስተኛው ብርድ ነው። ቆሮሶ ውሃው ከ16 ዲግሪ በታች ሲወርድ መብላት ይተዋል፤ ወደ 10 ሲቃረብም ይሞታል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ያለ ማሞቂያ እርሱን ማኖር አይቻልም።

እንግዲህ ዓሣ ሲደክም ምን እናድርግ? መጀመሪያ ምግቡን ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን እናቁም። ከውሃው ሩቡን ብቻ እንለውጥ፤ የሚጨመረውም አፉ በተከፈተ ዕቃ አንድ ቀን ሙሉ ተቀምጦ ክሎሪኑ የበነነለትና ሙቀቱ ከገንዳው ጋር የተስተካከለ ይሁን። ማጣሪያውን ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ብቻ እንለቅልቅ። የአየር መንፊያውም ቀንና ሌሊት ይሥራ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ በቆዳው ላይ ጨው የተነሰነሰ የሚመስል ነጭ ነጥብ ከታየ፣ እርሱ እውነተኛ በሽታ ነው። ተውሳኩ ከዓሣው ወርዶ በገንዳው ወለል ይራባል፤ መድኃኒት የሚያገኘውም ልጆቹ ሌላ ዓሣ ፍለጋ በሚዋኙበት ጊዜ ብቻ ነው። ይህ ዙር በሙቅ ውሃ በጥቂት ቀን ሲያልቅ በቀዝቃዛ ውሃ ሳምንታት ይወስዳል። ስለዚህ የቆሮሶን ውሃ ቀስ በቀስ ወደ 28 ዲግሪ ማድረስ፣ በሊትር 2 ግራም ያህል ጨው አሟሙቶ መጨመር፣ ነጥቡ ከጠፋም በኋላ ሕክምናውን እስከ ሁለት ሳምንት መቀጠል ይጠቅማል። ሆኖም ውሃ በሞቀ ቁጥር ኦክሲጅኑ ይቀንሳልና በደጋ አገር የአየር መንፊያውን ሳያጠናክሩ ማሞቅ ሌላ ሞት መጥራት ነው።

ከስድስቱ አንዷ እስከ ዛሬ አለች። ያዳናት መድኃኒት አይደለም፤ በየሳምንቱ ሩብ ውሃ መለወጥና ትንሽ መመገብ ነው። ዓሣ ለማኖር የምታስቡ ጓደኞቻችን ሆይ፣ መጀመሪያ ውሃውን አኑሩ፤ ዓሣውን ከስድስት ሳምንት በኋላ አምጡ።