ስለማይጽፍ ሊቅ እንዴት እናውቃለን? ከአየርላንድ ድሩይዶች እስከ ሲዳማ አያንቶዎች

ከፊልሙ ምስል ባሻገር

ድሩይድ፣ የጥንት ምዕራብ አውሮፓ ካህንና ሊቅ፣ ሲባል ብዙ ተማሪ የሚታየው ነጭ ቀሚስ ለብሶ፣ ጢሙን ደረቱ ላይ አንዠርግጎ በእንግሊዝ አገር በስቶንሄንጅ ድንጋዮች መካከል የቆመ አስማተኛ ነው። ድንጋዮቹንና ድሩይዶችን በሰው ልብ ውስጥ አጥብቆ ያስተሳሰረው በ18ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው እንግሊዛዊ ዊልያም ስቱክሊ ነው። ድንጋዮቹ ግን ስለ ድሩይዶች ከጻፉት ሰዎች ዘመን ከ2,000 ዓመት በላይ ቀድመው የተተከሉ ናቸው። በአየርላንድ ያለው የኒውግሬንጅ መቃብርም ከጊዛ ፒራሚዶች ይቀድማል፤ እሱንም የሠሩት ሌሎች ናቸው። ስለዚህ መጀመሪያ ድንጋዮቹን ወደ ጎን እንተዋቸው።

ምስክሮቹ እነማን ናቸው?

ድሩይዶች ራሳቸው ስለ ትምህርታቸው የጻፉት አንድም መጽሐፍ የለም። በሰፊው የነገረን ዩሊየስ ቄሳር ነው፤ እሱም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1ኛው ክፍለ ዘመን ጎልን፣ የዛሬዋን ፈረንሳይ፣ የወረረ የሮም የጦር አዛዥ ነበር። እንደ ቄሳር አባባል ድሩይዶች መሥዋዕትን ይመራሉ፣ የድንበርና የውርስ ክርክር ይዳኛሉ፣ ስለ ከዋክብት ይመረምራሉ፣ ከጦርነትና ከግብር ነፃ ናቸው። ፍርዳቸውን አልቀበልም ያለ ሰው ከመሥዋዕቱ ይገለላል፤ ሰው ሁሉ ይሸሸዋል። ትምህርቱ ለአንዳንዱ 20 ዓመት ይፈጃል፤ ሁሉም በቃል የሚያዝ ነው። ለሌላ ጉዳያቸው በግሪክ ፊደል ይጽፉ ነበር፤ ይህን ትምህርት ግን መጻፍ ክልክል ነው ብለው ያምኑ ነበር።

ለእኛ አገር ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የአብነት ተማሪ ዳዊት ደግሞ፣ ቅኔ ቆጥሮ፣ ከአንዱ መምህር ወደ ሌላው እየተዘዋወረ ስንት ዓመት እንደሚቆይ የሚያውቅ ሰው የ20 ዓመቱን ነገር ለማመን አይቸገርም።

ቄሳርን ግን እንደ ጠላት ምስክር አድርጋችሁ አንብቡት። ከጎል መኳንንት አንዱ የሆነው ዲቪሲያኩስ የቅርብ አጋሩ ነበር። ይህ ሰው ድሩይድ መሆኑን የምናውቀው ከቄሳር ሳይሆን ከሌላው ሮማዊ ጸሐፊ ከሲሴሮ ነው። ቄሳር ስለ ድሩይዶች በስፋት እየጻፈ፣ አጠገቡ ያለው ወዳጁ ከእነሱ አንዱ መሆኑን አንድ ቦታ እንኳ አላነሳም። እኔ ለተማሪ ከማነሳቸው ነገሮች ሁሉ ይህን እወደዋለሁ፤ ምስክር የሚያውቀውን ሁሉ እንደማይናገር ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አላገኘሁም።

ነጩ ልብስስ? የመጣው ከሮማዊው ፕሊኒ ነው። በጨረቃ 6ኛ ቀን ነጭ የለበሰ ካህን ኦክ ዛፍ ላይ ወጥቶ በወርቅ ማጭድ ተቀጽላ ይቆርጣል፣ ሁለት ነጭ ኮርማዎችም ይሠዋሉ ይላል። ያ ሁሉ የዛሬ ፊልም የቆመው በዚህች አንዲት ገለጻ ላይ ነው።

አየርላንድ ለብቻዋ

ሮም አየርላንድን አልገዛችም፤ ስለዚህ የቄሳርን ቃል እንዳለ ወስዶ በአየርላንድ ላይ መጫን አይቻልም። እዚያ ስለ ድሩይዶች የጻፉት ከ7ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የነበሩ ክርስቲያን መነኮሳት ናቸው። ከእነሱ አንዱ የሆነው ሙርኩ በጻፈው የቅዱስ ፓትሪክ ገድል ውስጥ ድሩይዶች በንጉሥ ሎጋሬ ፊት ከቅዱሱ ጋር የሚፎካከሩ መተተኞች ሆነው ይቀርባሉ። ገድል ያነበበ ኢትዮጵያዊ የጠንቋዩና የጻድቁ ፍልሚያ እንዴት እንደሚያልቅ አስቀድሞ ያውቃል። የሕግ መጻሕፍቱ ይበልጥ ይጠቅሙናል፤ በነሱ ውስጥ ድሩይዱ ዝቅ ባለ ማዕረግ ተጠቅሶ ይገኛል፤ ክብሩን ባለቅኔዎችና ዳኞች ወርሰውታል።

ከድሩይዶች ዓለም በቀጥታ የተረፈ የሚመስል ነገር ካለ በ1897 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በፈረንሳይ ኮሊኚ የተገኘው የነሐስ የቀን መቁጠሪያ ነው። የ5 ዓመት፣ 62 ወራት ቆጠራ በጎል ቋንቋ ተቀርጾበታል። የጨረቃን ወራት ከፀሐይ ዓመት ጋር ለማስታረቅ ሁለት ተጨማሪ ወራት ገብተውበታል። የሠራው ማን እንደሆነ አልተጻፈበትም፤ ይህን ያህል ስሌት ግን ያለ ሊቅ አይሠራም።

አሁን ወደ ሐዋሳ

ሰማይ አይቶ ዘመን የሚቆጥር፣ እውቀቱን በቃል የሚያስተላልፍ ሊቅ ለማየት ከሲዳማ መውጣት አያስፈልገንም። አያንቶዎች የከዋክብትንና የጨረቃን አካሄድ በሌሊት ተከታትለው የሲዳማ ዘመን መለወጫ የሆነው ፊቼ ጫምባላላ የሚውልበትን ቀን ይወስናሉ፤ ቀኑም ለየጎሳው ይነገራል። የሲዳማ ሳምንት 4 ቀን ነው፤ ዲኮ፣ ዴላ፣ ቀዋዶ፣ ቀዋላንካ። 7ቱ ሳምንት አንድ ወር፣ 28 ቀን ይሆናል፤ 12ቱ ወራት እንዲህ ሄደው 13ኛው 29 ቀን ይይዛል። ደምሩት፣ 365 ይመጣል። ያም ሆኖ በዓሉ በኛ የግድግዳ ካላንደር ላይ ቋሚ ቀን የለውም፤ የመጨረሻው ቃል የሰማዩ ነው።

በፊቼ ምሽት ሰውም ከብትም ከእርጥብ እንጨት በተሠራው ሁሉቃ ሥር ያልፋል። ከቆጮ፣ ከወተትና ከቅቤ የተሠራው ቡሪሳሜ ሻፌታ በሚባለው የሸክላ ዕቃ ቀርቦ ከጎረቤት ጋር ይበላል። በማግስቱ ልጆች «አይዴ ጫምባላላ» እያሉ ከቤት ቤት ይዞራሉ፤ ከዚያም ሕዝቡ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወዳለው ጉዱማሌ በቄጣላ ዜማ ይተማል። የጎሳ መሪዎች እዚያ ከሚመክሩት አንዱ አገር በቀል ዛፍ አትቁረጡ የሚለው ነው። ዩኔስኮ በዓሉን በ2015 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። ክርክር ሲነሳ ደግሞ ሽማግሌዎች ሶንጎ በሚባለው ሸንጎ ተቀምጠው በአፊኒ ሥርዓት ሀላሌን፣ እውነትን፣ ይፈልጋሉ፤ ውሳኔያቸውን የናቀ ከማኅበራዊ ኑሮ ይገለላል።

ተመሳሰለ ማለት አንድ ነው ማለት አይደለም

ቄሳርን አንብባችሁ ይህን ስታዩ «አያንቶ የሲዳማ ድሩይድ ነው» ለማለት ትቸኩሉ ይሆናል። አትበሉ። በሁለቱ መካከል የዘር ሐረግም የንግድ መንገድም አናውቅም። ድሩይዱ በቄሳር ቃል መሥዋዕቱንም ፍርዱንም ቆጠራውንም በአንድ እጅ ይዟል፤ በሲዳማ ሰማይ የሚያየው አያንቶና በሶንጎ የሚዳኘው ሽማግሌ የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ለኔ ትልቁ ልዩነት ግን ሌላ ነው። ድሩይዱን ልንጠይቀው አንችልም፤ አያንቶውን እንችላለን።

ስለዚህ ከሚቀጥለው ፊቼ በፊት የቤት ሥራ አለ። ሲዳምኛ የሚችል ተማሪ የማይችለውን ይዞ፣ ፈቃድ ጠይቃችሁ ወደ አንድ አያንቶ ሂዱ። ቆጠራውን ከማን እንደተማሩ፣ ስንት ዓመት እንደፈጀባቸው፣ ዛሬ ለማን እያስተማሩ እንደሆነ ጠይቁ። መልሱን በራሳቸው ቃል በሲዳምኛ ጻፉ፣ የአማርኛውን ፍቺ ከሥሩ አድርጉ። ቀኑን፣ ቦታውንና የጠያቂውን ስም አትርሱ። ይህን አልነግርም ያሉት ነገር ካለ «አልነገሩንም» ብላችሁ ጻፉ፤ በግምት አትሙሉት።